ፀሐይ ላይ ያሰጣናቸው ስላይዶች

ወደ ላቦራቶሪ የገባሁት መጥረጊያ ይዤ ነው። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርቴን አቋርጬ፣ አግብቼ፣ ወልጄ፣ ተፋትቼ፣ እናቴ ቤት ከተመለስሁ በኋላ ሸዋሮቢት አካባቢ ካሉት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ በጽዳት ተቀጠርሁ። ካርድ ክፍሉን፣ መርፌ ክፍሉን፣ ማዋለጃውን ጠርጌ ስጨርስ መጨረሻ ላይ የሚጠብቀኝ ላቦራቶሪው ነበር። አንድ መስኮት፣ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ አንድ ሽማግሌ። ሽማግሌውን ጋሼ እላቸው ነበር፤ እዚህም ጋሼ እያልሁ ልቀጥል።

ያን ጊዜ ደም የሚቀባባት ስስ መስታወት፣ ስላይድ የምንላት፣ ታጥባ መልሳ ትሠራ ነበር። ማጠቡ የእኔ ድርሻ ሆነ። ሌላም ድርሻ ነበረኝ። የቆላ ዝንብ ደም ይወዳል፤ ጠብታው ሳይደርቅ ካገኘው ልሶ ልሶ ባዶ መስታወት ጥሎላችሁ ይሄዳል። ስለዚህ ጋሼ ስላይዶቹን በትሪ ደርድረው ከጠረጴዛው ሥር ያስቀምጡና፣ ከአሮጌ አጎበር በተቆረጠ መረብ ይሸፍኗቸዋል። እኔ ደግሞ ወለሉን ውኃ እረጫለሁ፣ ቀዝቀዝ እንዲል። ፀሐይ የምታገኝበት ቦታ አንድም ቀን አስቀምጠው አያውቁም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። መቼም ሠራተኛ የታዘዘውን ነው የሚሠራው።

አንድ ቀን ግን፣ “ጋሼ፣ ቀኑን ሙሉ እዚያ ውስጥ ምን ያያሉ?” አልኋቸው። ከመቀመጫቸው ተነሥተው አስቀመጡኝ። ምን ታያለሽ ሲሉኝ ጭረት ጭረት ያለ ጥቁር ነገር ነው አልኋቸው። ሳቁ። የገዛ ሽፋሽፍቴን ነበር የማየው። በሳምንቱ ግን ዓይኔ ለመደ፤ በሐምራዊው ቀለም መካከል የወባዋ ተውሳክ ፈርጥ እንዳለባት ቀለበት ሆና ታየችኝ። ከዚያ ወዲያ ጠርጌ ስጨርስ አልሄድም። ጋሼ ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበራቸው፤ ቃል በቃል ደብተሬ ላይ እየገለበጥሁ ትርጉሙን እጠይቃቸዋለሁ። “ሰፕሌመንት” ተጨማሪ፣ “ሴዲመንት” ግን የሽንት ዝቃጭ መሆኑ እስኪለይልኝ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ጋሼ፣ “አንቺ እኮ እንግሊዝኛን ከሽንት ምርመራ የጀመርሽ የመጀመሪያዋ ሴት ነሽ” ይሉኝ ነበር።

የማታ ትምህርት ገባሁ። ዘጠነኛን፣ አሥረኛን፣ መሰናዶን በማታ ጨረስሁ። ዩኒቨርሲቲዎች በየአገሩ ይከፈቱ የነበረበት ዘመን ስለሆነ እንደኔ ያለችውም ሰው ዕድል አገኘች። ፈተናውን አለፍሁ፤ የሕክምና ላቦራቶሪ ደረሰኝ። ልጄን ለእናቴ ሰጥቼ፣ በጣርማ በር ዋሻ አልፌ ወደ ደጋው ወጣሁ።

ብርዱን አልነግራችሁም። በዶርም ስድስት ሆነን ነበር የምንኖረው፤ አምስቱ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ልጆች። የመጀመሪያ ቀን “እትዬ” ብለው ሰየሙኝ፤ እስከ መጨረሻው በዚያው ጸደቀ። “እትዬ፣ ሌሊት ሲያንኮራፉ ኬሚስትሪውን ያስረሱናል” እያሉ ይቀልዱብኛል። ኬሚስትሪው እኔኑ ነበር ያስቸገረኝ። ቀመሩን መሸምደድ አልችልም፤ ወሬ ካላደረግሁት አይገባኝም። ለምሳሌ በፈር የሚባለው ነገር፣ አሲድ ሲበረታ ወደዚህ፣ ቤዝ ሲበረታ ወደዚያ እያለ ሁለቱንም ወገን የሚያበርድ አስታራቂ ሽማግሌ ነው ብዬ ያዝሁት። ልጆቹ ሳቁብኝ፤ በፈተና ሰሞን ግን አልጋዬ ላይ ተሰብስበው፣ “እትዬ፣ እስቲ ያን ሽማግሌ ደግመው ያምጡልን” ይሉኝ ጀመር።

አንድ ነገር ብቻ ደበቅኋቸው። ከመምጣትዎ በፊት ምን ይሠሩ ነበር ሲሉኝ፣ ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር እላለሁ። ነርስ ወይም ካርድ ክፍል አድርገው ወሰዱት። እኔም አላረምኋቸውም። ጽዳት ነበርሁ ብሎ መናገር ውሸት ከመናገር የከበደኝ ያን ጊዜ ነበር።

በደጋው ላቦራቶሪ ሌላ ልማድ ተማርሁ። እዚያ ደም በስላይድ ላይ ቶሎ አይደርቅም፤ ግማሽ ቀን ቢጠብቁትም እርጥብ ነው። ስለዚህ ስላይዱን ሁሉ የምናሰጣው በመስኮቱ ደፍ ላይ፣ ፀሐይዋ በምታርፍበት ነበር። የደጋ ፀሐይ ታሞቃለች እንጂ አታበስልም። ሁላችንም እንደዚያ ሠራን፤ ሁልጊዜም ጥሩ ወጣልን። ከጠረጴዛ ሥር፣ አጎበር ለብሶ የሚደርቅ ደም እንዳለ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። ያንን ከመጥረጊያው ጋራ የተውሁት ነገር አድርጌ ቆጠርሁት።

የመጨረሻው ዓመት ጥቅምት ላይ ለተግባር ልምምድ በቡድን ተከፋፍለን ስንመደብ፣ የእኔ ቡድን የደረሰው ያንኑ ጤና ጣቢያ ነው። ለመቀየር ለመንሁ፤ አልሆነም። ልምምዱ ቀላል ነገር አልነበረም። ያለፈ በሐምሌ ይመረቃል። የወደቀ ግን ከሚቀጥለው ክፍል ጋራ በሚቀጥለው ጥቅምት ነው የሚደግመው፤ ዓመት ሄደ ማለት ነው። እናቴ ልጄን ይዛ አራተኛ ዓመቷ ነበር፤ ጉልበቷን ያማታል። ስሄድ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “ዘንድሮ ጨርሺው።”

ጋሼ ገና በቦታቸው ነበሩ። ሠራተኞቹም ያውቁኛል፤ ነገር ግን ሁኔታዬን አይተው መሰለኝ ከተማሪዎቹ ፊት ያለፈውን አላነሡብኝም። በወረድን በአራተኛው ቀን ጋሼ ዘመድ ሞቶባቸው ለለቅሶ ወደ ካራቆሬ ሄዱ። ላቦራቶሪውን አብሮን የወረደው መምህራችን ተረከበው። መምህሩ ከእኔ በሁለት ዓመት ያንሳል፤ መምህር ነውና አንቱ እለዋለሁ። ጎበዝ ነበር፤ ግን ደግሞ የደጋ ሰው ነው፤ ቆላ ወርዶ ሠርቶ አያውቅም።

ክረምቱ ወጥቶ ውኃው በየጉድጓዱ የተኛበት ጊዜ ስለነበር ወባ በርትቷል፤ ቅዳሜም እንሠራለን። በዚያ ቅዳሜ ወረፋው ግቢውን ሞላው። እኔ ጣት እወጋለሁ፤ አንዱ ልጅ ትሪውን ይቀበላል። ደሙ ቶሎ እንዲደርቅ መምህሩ ከደጁ ካለው የሲሚንቶ ደፍ ላይ ፀሐይ ያግኘው አለ። ልጁ ትሪውን ይዞ ሲወጣ አየሁ። ሲሚንቶው እንኳን ደም ሊጥ የሚያበስል ነው። አፌ ድረስ መጣ። መምህሩ ከየት አወቅሽ ቢለኝ የምመልሰውን ሳስብ ግን ዋጥሁት።

በኔ ቦታ የተቀጠሩት ሴትዮ በዕድሜ የሚበልጡኝ ናቸው። ባልዲያቸውን ይዘው ሲያልፉ ትሪውን አዩ፤ መጡና በጆሮዬ፣ ጋሼ እኮ ጥላ ውስጥ ነው የሚያደርጉት አሉኝ። ምን ብዬ መለስሁላቸው መሰላችሁ? “እትዬ፣ መምህሩ ናቸው ያዘዙት።” ባልዲያቸውን ይዘው ሄዱ። ያቺን መልስ እስከ ዛሬ ሳስታውሳት ፊቴ ይግላል።

ከዚያ ሰባት ዓመት የሚሆናትን ልጇን ያዘለች የቀወት ገበሬ ሚስት ገባች። አየት አድርጋኝ፣ “አንቺ አይደለሽም እንዴ፣ ያኔ እዚህ…” ስትል አቋረጥኋትና የልጅቷን ስም ጠየቅኋት። እሷ ምን ታውቃለች፣ ደስ ብሏት፣ ተማርሽ እንዴ፣ እሰይ፣ እንግዲህ አንቺ ካየሽልኝ በቃኝ አለችኝ። የልጅቷን ጣት ወጋሁ፤ እጇ ያቃጥላል።

እዚህ ላይ ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። በአንድ ስላይድ ላይ ደሙን ሁለት ቦታ እናደርጋለን፤ በአንዱ በኩል ወፍራም ጠብታ፣ በሌላው በኩል እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቅብ። ወባ አለ ወይስ የለም የሚለውን የምናየው በወፍራሙ ነው፤ ብዙ ደም ስላለበት። ስሱን የምናየው ወባው ካለ በኋላ ዓይነቱን ለመለየት ብቻ ነው። ወፍራሙ ቀለም ውስጥ ሲገባ ቀይ ደሙ መሟሟትና መልቀቅ አለበት፤ ተውሳኩ የሚታየው ያኔ ነው። ሙቀት ካበሰለው ግን መጥበሻ ላይ እንደ ቀረ እንቁላል ይይዛል፤ አይለቅም።

የዚያን ቀን በማይክሮስኮፑ ያየሁት ሰማያዊ ጭቃ ነው። የሁሉም አንድ ነው። ጭቃ ውስጥ ደግሞ ምንም አይታይም። ሰባት ስላይድ፣ የልጅቷም ጭምር፣ በእኔ እጅ አለፈ፤ በሰባቱም ላይ “አልታየም” ብዬ ጻፍሁና ፈረምሁ። ሌሎቹም እንደዚያው። መምህሩ መዝገቡን አገላብጦ፣ ወባው ዘንድሮ ቀንሷል ማለት ነው ብሎ ደስ አለው። በይፋት ቆላ፣ በጥቅምት! ሴትዮዋ ወረቀቷን ተቀብላ፣ ተመስገን ብላ ልጇን አዝላ ወጣች።

እናቴ ቤት ምሳ ቀረበልኝ፤ ሳህኑን ለልጄ አሳለፍሁት። ከተናገርሁ ልምምዱን እንደምወድቅ አውቄዋለሁ። ዝም ካልሁ ደግሞ ማንም አያውቅም፤ ጋሼ ሰኞ ይመለሳሉ፣ ትሪው ወደ ጥላው ይገባል፣ ነገሩ ይረሳል። ልጄ ደብተሯን አምጥታ ታሳየኛለች። የቀወቷ ልጅ እጅ ግን ከእጄ ላይ አልለቅ አለኝ።

እሑድ ጠዋት መምህሩ ያረፈበት ሆቴል ሄድሁ። በረንዳው ላይ ሻይ በዳቦ ይበላል። ተቀመጪ ሳይለኝ ጀመርሁ።

“መምህር፣ የትናንቱ ውጤት ልክ አይደለም።”

“የማን ውጤት?”

“የሁሉም። ደሙ ፀሐይ ላይ በስሏል።”

ዳቦውን አስቀመጠ። መጽሐፉ ሙቀት እንዳያገኘው እንደሚል፣ በደጋው ግን ደርሶበት ስለማያውቅ ልብ እንዳላለው ነገረኝ። ይህን ለተማሪ መናገር ለመምህር ቀላል አይደለም። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

“አንቺ መቼ አወቅሽ?”

“ትሪው ሲወጣ።”

“ሲወጣ አውቀሽ ለምን ዝም አልሽ?”

“የማውቀው ከመጽሐፍ ስላልሆነ ነው። እዚያ ክፍል ጽዳት ነበርሁ።”

የሚስቅ መስሎኝ ነበር። አልሳቀም።

“እኔ ጽዳት መሆንሽን አልጠየቅሁም። የምጠይቅሽ ፊርማሽን ነው። ያዘዝሁት እኔ ነኝ፤ እሱን በሪፖርቱ እጽፈዋለሁ። እያወቅሽ የፈረምሽውን ግን ልፍቅልሽ አልችልም።”

“ገብቶኛል።”

“ሂጂ ልጆቹን ቀስቅሻቸው።”

ካርድ ክፍል ተከፈተ። የትናንቶቹን ሕመምተኞች አድራሻ እያወጣን ተበታተንን። የከተማ ነዋሪዎቹን በየሰፈሩ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱም በየመንገዱ አገኘናቸው። አንዱ የሆቴል ጠባቂ፣ ትናንት ደሜን ወስዳችሁ ዛሬ ደግሞ ልትጨምሩ ነው፣ ትሸጡታላችሁ እንዴ ብሎ ሲያስቸግር ቆይቶ ጣቱን ሰጠን። በጥላ አድርቀን ስናይ ጭቃው ሄዷል፤ ወባውም አለ። ከመጡት ከግማሽ የሚበልጡት ላይ አገኘን።

የቀረችው የቀወቷ ልጅ ነበረች። መምህሩና እኔ በባጃጅ መንገዱ እስከሚያበቃበት ሄድን፤ ከዚያ በማሽላው መሐል በእግር። ቤቱን ሰው አሳየን። ልጅቷ ነጭ ልብሷን እንደለበሰች መደብ ላይ ተኝታለች፤ ከንፈሯ ደርቋል። እናቷ ስታየን ደነገጠች። ውጤቱ ስህተት እንደነበረ፣ ስህተቱም የእኛ እንደሆነ፣ እንደገና ጣቷን መውጋት እንዳለብን ነገርኋት። አዳመጠችኝና ራሷን ነቀነቀች።

“ዛሬ አይሆንም። ጠዋት ቆርባለች።”

መምህሩ ገባ። “እናቴ፣ አንድ ጠብታ ናት እኮ።”

“አንድ ጠብታም ደም ነው፣ የኔ ጌታ። የቆረበ ሰው ደም አይፈሰውም። ነገ ጎሕ ሲቀድ ተሸክሜ አመጣታለሁ።” ወደ እኔ ዞረች። “ትናንት የለባትም አላልሽኝም? እንግዲያስ ሕመሟ ሌላ ነው ብዬ ነው ያስቆረብኋት።”

በቁጣ አይደለም ያለችው። ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

መምህሩ አንቺ የአገሩ ልጅ ነሽ፣ አሳምኛት የሚል ዓይን አሳየኝ። እኔ ደግሞ የአገሩ ልጅ ስለሆንሁ ነው የማልሞክረው። እንኳን ደም፣ የቆረበ ልጅ ምራቁን እንዳይተፋ አፉ ተሸፍኖ የሚያድርበት ቤት ውስጥ ነው ያደግሁት። ሳናይ ኪኒን እንዳንሰጥ ደግሞ የጤና ጣቢያው ሕግ አለ። ልጅቷ እስከ ነገ ትቆያለች አትቆይም የሚለውን መምህሩም እኔም መናገር አልቻልንም። በዚህ መካከል ነው ስሱ ቅብ ትዝ ያለኝ።

ወደ ደጅ ወጥተን ነገርሁት። ወፍራሙ ቢበስልም ስሱ ብዙ አይጎዳም፤ እሱ እንደ ወፍራሙ መልቀቅ የለበትም፣ እኛው ራሳችን በአልኮል እንዲይዝ እናደርገዋለን። የልጅቷ ስላይድ ደግሞ በሳጥኑ ውስጥ አለ። መምህሩ አገጩን አሸ። ስሱ ላይ ደሙ ጥቂት ነው፣ ተውሳኩ ብዙ ካልሆነ በቀን አታገኚውም አለኝ። ልሞክር አልሁት። ለሴትዮዋ፣ የትናንቱን ደም መልሼ ላየው ነው፣ አዲስ ደም አልፈልግም ስላት ፊቷ ተፈታ። ከዚያም ፈገግ ብላ፣ “አንቺ፣ ተምረሽ ባሰብሽ እንዴ? ትናንትናውኑ አታይውም ነበር?” አለችኝ። እውነቷን ነው።

ተመልሰን ላቦራቶሪው ውስጥ ተቀመጥሁ። ስስ ቅብ ማየት እንደ ማረም ነው፤ አንዱን ትልም ሳትጨርሱ ወደ ሌላው ብትሻገሩ የቀረው ያው የሚገድላችሁ ይሆናል። ከጫፍ ጀመርሁ። አንድ መስመር ወደ ላይ፣ አንድ መስመር ወደ ታች። ዓይኔ ሲያነባ እጠርገዋለሁ። የጽዳቷ ሴትዮ በእሑድ ሰምተው መጥተው ነበር፤ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ቀና አትበይ፣ ዓይንሽን እዚያው አድርጊ አሉኝ። ወደ ማብቂያው ግድም አንዷ ቀለበት ተገኘች፤ እልፍ ሲል ሁለት በአንድ ደም ውስጥ። መምህሩን ጠራሁት። ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ አየ።

“ነው” አለ። “ክፉው ዓይነት ነው። ጻፊ።”

ተረኛው ጤና መኮንን ኪኒኑን አዘዘ። በዚያው ከሰዓት ባጃጁን ይዤ ተመለስሁ። ሴትዮዋ አሁንም አንድ ሥጋት ነበራት፤ ብታስመልስስ? ቆርባ ማስመለስ ደም ከመፍሰስ አይተናነስም። ኪኒኑን ሰባብረን በፍየል ወተት፣ በትንሽ በትንሹ አጠጣናት። ልጅቷን ሊያስመልሳት በቃጣት ቁጥር እናቷ ጀርባዋን እያሸች ትማፀናለች። ከአንድ ሰዓት በላይ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። አላስመለሳትም። በሦስተኛው ቀን ጋሼ ራሳቸው ሄደው አይተው፣ ፍየል ስታባርር አገኘኋት ብለው መጡ። ለእኔ የተናገሩት ሌላ ነገር የለም፤ ትሪውን ግን ያን ሳምንት ለተማሪዎቹ ሁሉ አንድ በአንድ እኔ እንዳሳያቸው አደረጉ። ለምን ጥላ እንደሚያስፈልገው ስናገር፣ ከየት እንዳወቅሁትም አብሬ ተናገርሁ። ዶርም ያሉት ልጆች ሲሰሙ፣ እትዬ፣ ታዲያ አራት ዓመት ሙሉ ክፍሉን እኛን ያስጠረጉን አውቀው ነዋ አሉኝ።

መምህሩ ቃሉን ጠበቀ። ራሱ ያዘዘውን ጻፈ፤ እኔ አውቄ የፈረምሁትንም ጻፈ። ልምምዱን ወደቅሁ። ለእናቴ ስነግራት ምስር ትለቅም ነበር። ራሷን ሳታነሣ ልጅቷስ አለችኝ። ድናለች አልኋት። ጥቂት ለቀመች፣ አንድ ጠጠር አውጥታ ጣለችና፣ እንግዲያ ያንቺንም ልጅ አንድ ዓመት እናቆያታለን፣ ምን ይደረጋል አለች።

ጓደኞቼ በሐምሌ ተመረቁ። እኔ በጥቅምት ደገምሁ፤ በሌላ ከተማ፣ በሌላ መምህር። ወረቀቴን የወሰድሁት በጥር ነው፤ ያለ ጋውን፣ ያለ አበባ፣ ከሬጅስትራሩ መስኮት። ጸሐፊው ፋይሌን አገላብጦ ለምን ከክፍልሽ ቀረሽ አለኝ። እኔ ደግሞ ከተጠየቅሁ አሳጥሬ መናገር አልችልም፤ ከዝንቡ ጀምሬ እስከ ፍየል ወተቱ ነገርሁት። ከኋላዬ ያለው ወረፋ አጉረመረመ። ጸሐፊው እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰክቶ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

“እና አሁን ወዴት ነሽ?” አለኝ ወረቀቱን እያቀበለኝ።

“እዚያው፣ ወደ ቆላው።”

“ወባ አለ አይደል እንዴ እዚያ?”

“አለ እንጂ፤ ባይኖር ምን እሠራለሁ?”